ኮርስ ብስክሌቴን ከባሕር ዳር ጀርመን ይዤ ልሂድ? የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። በመስከረም ለማስተርስ ትምህርት ወደ ጀርመን እሄዳለሁ፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከዚያ ፍራንክፈርት። ያገለገለች ኮርስ (የእሽቅድምድም ዓይነት) ብስክሌት አለችኝ። ስመዝናት 11 ኪሎ ሆነች፤ ፍሬኗ ቸርኬውን የሚይዘው ዓይነት ነው። ያየሁት ቲኬት "23 ኪሎ፣ ሁለት ሻንጣ" ይላል። አንዱን ሻንጣ ትቼ በእሱ ፋንታ ብስክሌቷን ብወስድ ያስከፍሉኛል? ጎማው ካልተነፈሰ አየር ላይ ይፈነዳል የሚሉኝስ እውነት ነው? እናቴ ደግሞ ሽሮና በርበሬውን እዚያው ካርቶን ውስጥ ክተቺው ትለኛለች።»

መልስ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ በዚሁ ከተማ ብስክሌት በመጠገንና ለመንገድ በማሸግ የምተዳደር ሰው ነኝ። ጣና ዳር ሊነዱ የሚመጡ እንግዶችም፣ ወደ ውጭ የሚወጡ የከተማችን ልጆችም ካርቶናቸውን እኔ ጋ አሰርተው ይሄዳሉ። የትኛው እንደሚያልፍ፣ የትኛው ኤርፖርት ላይ እንደሚያስለቅስ ከዚያ ነው የማውቀው።

ብስክሌቷን ውሰጃት። ፎኒክስ ወይም ሌላ ከባድ የብረት ብስክሌት ቢሆን ኖሮ ለወንድምሽ ተይለት እልሽ ነበር፤ 18 እና 20 ኪሎ ብረት አሽጎ መሄድ አያዋጣም፣ ጀርመን ደግሞ ያገለገለ የከተማ ብስክሌት በቀላሉ ይገኛል። 11 ኪሎ የምትመዝን፣ ለቁመትሽ የተስተካከለች፣ እግርሽ የለመዳት ኮርስ ግን ሌላ ናት። እሷን እዚያ ለመተካት የምታወጪው ገንዘብ ከማጓጓዣው ይበልጣል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አንቺ የጨነቀሽ ኪሎው ነው፤ ኪሎው ግን በጣም ቀላሉ ነገር ነው። ብስክሌቷ 11፣ ጥሩ ድርብ ካርቶን 4 ገደማ፣ ስፖንጁ፣ ፓምፑና መፍቻዎቹ 2 ኪሎ ቢሆኑ 17 ነው። ከ23 ኪሎ 6 ይተርፍሻል። የራስ ቁርሽንና የመንጃ ጫማሽን ብትጨምሪበት እንኳ አታልፊም። ችግሩ ያለው በሴንቲ ሜትሩ ላይ ነው። አየር መንገዶች «አንድ ሻንጣ» ሲሉ በአብዛኛው ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር የማይበልጠውን ነው። አንድ የተለመደ የብስክሌት ካርቶን ርዝመቱ 140፣ ከፍታው 80፣ ስፋቱ 20 ነው እንበል፤ ድምሩ 240 ይመጣል። ስለዚህ ሚዛኑ ላይ 17 ኪሎ አሳይቶ ሠራተኛዋ ሜትር ስታወጣ ነገሩ ይለወጣል። ብዙ ሰው ቼክ ኢን ላይ «ኪሎዬ እኮ አላለፈም» እያለ የሚከራከረው ይህን ባለማወቅ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ የምታነበው ሌላ መስመር ነው።

ብስክሌትን በተመለከተ አየር መንገዶች ከሦስት በአንዱ ይሠራሉ። አንዳንዶቹ ኪሎው እስካላለፈ ድረስ ከተፈቀደልሽ ሻንጣ እንደ አንዱ ይቆጥሩታል፣ መጠኑንም ያልፉታል። አንዳንዶቹ ለስፖርት ዕቃ ብለው የተቆረጠ ዋጋ አላቸው። የቀሩት ደግሞ ብስክሌት ይሁን ሌላ ሳይሉ «ከመጠን በላይ» ብለው ያስከፍላሉ፤ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኚው ወሰን 203 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከእሱ በላይ ዋጋው ይጨምራል ወይም ጭራሽ በካርጎ ላኪው ይሉሻል። እስከ 300 ድረስ የሚቀበሉም አሉ። በአንድ ጉዳይ ግን ብዙዎቹ ይስማማሉ፦ አንድ ነጠላ ጓዝ ከ32 ኪሎ ማለፍ የለበትም፤ ይህ የሚጭኑትን ሰዎች ወገብ ለመጠበቅ የወጣ ደንብ ስለሆነ በልመናም በገንዘብም አይታለፍም።

ስለዚህ ቲኬቱን ከመቁረጥሽ በፊት ደውዪ ወይም ቢሮ ሂጂ፣ እነዚህን ጠይቂ፦ ብስክሌት ከሁለቱ ሻንጣዎቼ እንደ አንዱ ይቆጠራል ወይስ ለብቻው ይከፈልበታል? የካርቶኑ ድምር መጠን እስከ ስንት ድረስ ነው፣ የአንዱ ጎን ርዝመትስ ወሰን አለው? ይህ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ባለው በረራም ይሠራል? ካርቶን ይበቃል ወይስ ጠንካራ ሻንጣ ይፈልጋሉ? መልሱን በስልክ ሰምተሽ ብቻ አትመለሺ። ቦታ ማስያዣሽ ላይ «ብስክሌት ይዛለች» ተብሎ እንዲጻፍልሽ ጠይቂ፣ በኢሜይልም ይላኩልሽ፣ ያንን አትመሽ ያዢ። ቲኬት የሚሸጥልሽ ወኪል «ችግር የለውም» ቢልሽ በዚያ አትተማመኚ፤ ኤርፖርት ላይ የሚያዩት ሲስተሙ ላይ የተጻፈውን ነው። የሚከፈል ነገር ካለም አስቀድሞ መክፈል በረራው ዕለት ቆሞ ከመክፈል ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ሦስተኛውን ጥያቄ፣ የአገር ውስጡን በረራ፣ ለይቼ ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከባሕር ዳር የሚነሳ ሰው ሁሉ ሐሳቡ ፍራንክፈርት ላይ ነው፤ ካርቶኑ የሚቀረው ግን እዚሁ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ኤርፖርት ነው። የአገር ውስጡ በረራ አንዳንዴ በቦይንግ 737፣ አንዳንዴ ባለ ፕሮፔለሩ ኪው400 ነው። ኪው400 ብስክሌት ይጭናል፤ የጓዝ ክፍሉ ግን ትንሽ ነው፣ አንቺ የምትሄጂው ደግሞ በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል፣ ሰው ሁሉ ጓዙን ይዞ በሚንቀሳቀስበት ሰሞን ነው። ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚወርደው ትልቁ ካርቶን ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ወደ አውሮፓ የሚወጡት በረራዎች አብዛኞቹ የሌሊት ስለሆኑ አንቺ ከባሕር ዳር በጠዋቱ ውጪ። ካርቶንሽ በአንቺ አውሮፕላን ባይጫን በቀጣዩ መጥቶ ቦሌ ይደርስብሻል። የማታውን በረራ ይዘሽ በሁለት ሰዓት ልዩነት ለመሻገር ከሞከርሽ ግን አንቺ ሄደሽ ብስክሌቷ አዲስ አበባ ታድራለች።

ሌላው፣ ከሁሉም በላይ ልብ እንድትይልኝ የምፈልገው፣ ከባሕር ዳር እስከ ፍራንክፈርት ያለውን በአንድ ቲኬት ቁረጪው። አንዳንድ ሰው የአገር ውስጡን ለብቻው፣ የውጭውን ለብቻው ይገዛል፤ ወይ ዋጋ አነጻጽሮ ነው፣ ወይ ዘመድ አንዱን ስለከፈለለት ነው። ሁለት ቲኬት ሲሆን ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚሠራልሽ የአገር ውስጡ የጓዝ መጠን ነው፤ እሱ ደግሞ «ሁለት ሻንጣ 23 ኪሎ» አይደለም፣ ያነሰ ነው። ትርፍ ኪሎ እዚሁ ትከፍያለሽ። ቦሌ ላይም ካርቶኑን ተቀብለሽ፣ ከአገር ውስጡ ወደ ውጭው ጎን ገፍተሽ፣ እንደገና ፍተሻ አልፈሽ፣ እንደገና ታስመዝኛለሽ። አንድ ቲኬት ከሆነ የውጭው የጓዝ መብትሽ ከባሕር ዳር ጀምሮ ይሠራል፣ ጓዙ ላይ የሚለጠፈው የመድረሻ ወረቀት፣ ታጉም፣ በቀጥታ ፍራንክፈርት ድረስ ተብሎ ይወጣል። ታጉ ሲለጠፍ በዓይንሽ እዪው፤ የመጨረሻው መድረሻ አዲስ አበባ የሚል ከሆነ እዚያው አስተካክሉልኝ በዪ። ለጉዳት ካሳም አንድ ቲኬት መሆኑ ይጠቅምሻል፤ እመለስበታለሁ።

ወደ መጠኑ ልመለስና፣ የአንቺን ብስክሌት ከ203 ሴንቲ ሜትር በታች ማውረድ ይቻላል። ወደ 158 ግን አይወርድም፤ ይወርዳል የሚልሽን አትስሚ። የኮርስ ጎማ ከነላስቲኩ ዳር እስከ ዳር 67 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ የካርቶኑ ከፍታ ከ68 ሊያንስ አይችልም። ሁለቱም ጎማዎች ወጥተው የፊቱ ሹካ እንደተገጠመ ከቀረ ርዝመቱ ወደ 128 ይሄዳል፤ ከ75 ከፍታና ከ22 ስፋት ጋር 225 ሆነ ማለት ነው። ሹካው ከተፈታ ግን ርዝመቱ ወደ 105 ይወርዳል። ጎማዎቹን ግራና ቀኝ አድርገሽ ስፋቱን 28 ብታደርጊው፣ ከፍታውን 68፣ ድምሩ 201 ነው። አንድ ሹካ በመፍታት 24 ሴንቲ ሜትር አተረፍሽ። ፍሬንሽ በሽቦ የሚሠራ፣ ቸርኬ የሚይዝ ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ቢሆን ኖሮ ቱቦውን ላለመንካት ስል አላስፈታሽም ነበር። አየር መንገድሽ እስከ 300 የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ሹካውን አትንኪው፣ ጎማዎቹን ብቻ አውጪ።

ካርቶኑን አዲስ ብስክሌት ከሚሸጡት ሱቆች ቀድመሽ ጠይቂ። ብስክሌቶቹ በካርቶን ነው የሚገቡላቸው፣ ገጣጥመው ከጨረሱ በኋላ ቦታ ስለሚይዝባቸው ይለቁልሻል። ካርቶኑን ስትወስጂ ውስጡ ያሉትን የፕላስቲክ ቁርጥራጮችም ለምኚያቸው፤ ሹካው ጫፍ ላይ የሚገባው ትንሿ ድጋፍ ከካርቶኑ እኩል ዋጋ አላት። ካርቶኑ ትልቅ ከሆነ በሹል ቢላ ቆርጠሽ ወደምትፈልጊው ልክ አጥፊው። አሮጌና እርጥብ የነበረ ካርቶን አትያዢ፤ ክረምቱን መጋዘን ወለል ላይ የከረመ ካርቶን ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ሲሸከሙት ግን ከሥሩ ይለቃል።

ማጠቡን ከመንገድሽ ሦስት ቀን ቀደም ብለሽ ጨርሺ። እዚህ ሰንሰለት የምናጥበው በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ነው፣ ቤንዚን የሚጠቀምም አለ። ለአውሮፕላን ይህ አደገኛ ነው። ሽታው ካርቶኑ ውስጥ ታፍኖ ሲከፈት ከወጣ ፍተሻው ላይ ሊያስቀሩሽ ይችላሉ፣ እውነት አላቸውም። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠቢው፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቂው፣ ትንሽ ዘይት ነክተሽ በጨርቅ ጥረጊው። የጎማውን ጭቃም አትተዪ፤ የባሕር ዳር የክረምት ጭቃ ሲደርቅ የጎማው ሽቦዎች ሥር ተደብቆ ይቀራል፣ የአፈር ቁጥጥር ያለበት ድንበር ላይም ያስጠይቃል። የሚረጭ ቅባት፣ ቤንዚን የነካ ጨርቅና የጎማ መሙያ የጋዝ ቱቦ ካርቶኑ ውስጥ አይግቡ። ፓወር ባንክና ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣሽ ነው የሚሄዱት፣ ካርቶን ውስጥ ፈጽሞ አይግቡ። (ይህን የሚያነብ ባለ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ካለ፣ ትልቁ ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን ላይ በእጅም በጭነትም አይፈቀድም፤ ወሰኑ 160 ዋት ሰዓት ነው፣ የብስክሌት ባትሪዎች ግን በአብዛኛው 400 እና ከዚያ በላይ ናቸው።)

መፍታት ስትጀምሪ መጀመሪያ ፎቶ አንሺ። ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ፤ መሪው ሥር ያሉትን ቀለበቶች ቅደም ተከተል ደግሞ ቀረብ አድርገሽ። የኮርቻው ዘንግ የሚገባበትን ልክ በፕላስተር ምልክት አድርጊበት፣ ያኔ ፍራንክፈርት ደርሰሽ ጉልበትሽ አያማርርሽም። ሰንሰለቱን ፊት ለፊት ትልቁ ጥርስ ላይ አውጪው፤ ጥርሶቹ ሰንሰለት ከለበሱ ካርቶኑን አይወጉም።

ፔዳል ላይ ብዙ ሰው ክሩን ያበላሻል። የቀኙ እንደማንኛውም ቡሎን ነው የሚፈታው፤ የግራው ክር ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ስታዞሪው ይላላል። ግራ ቢገባሽ ሁለቱንም መፍቻውን ከላይ ይዘሽ ወደ ኋላው ጎማ በኩል ስቢው፣ ይፈታል። 15 ቁጥር መፍቻ ነው የሚፈልገው፣ አንዳንዱ ከጀርባው በ6 ወይም በ8 ቁጥር አለን ኪ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) ይፈታል። ዝጎ እምቢ ካለ ቤትሽ አትታገዪው፣ የሰፈርሽ ጠጋኝ ጋ ውሰጂው። ስትገጥሚ ክሩን ግሪስ ቀቢው።

ከዚያ የኋላው ማርሽ ቀያሪ። እህቴ፣ በሙሉ ካርቶኑ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አጥብቀሽ ጠብቂ ብባል ይህንን እላለሁ። ከፍሬሙ ጋር የሚያያዘው ጆሮ ሆን ተብሎ ለስላሳ አልሙኒየም የተሠራ ነው፤ ካርቶኑ በዚያ ጎኑ ከተጣለ እሱ ይጣመማል፣ ፍሬሙ ይተርፋል። በዓይን የማይታይ ጥቂት መጣመም ማርሹን በሙሉ ያዘባርቀዋል፤ ዳገት ላይ ወደ ትልቁ ጥርስ ስትቀይሪ ቀያሪው የጎማው ሽቦዎች ውስጥ ይገባና ጎማውንም ፍሬሙንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በ5 ቁጥር አለን ኪ ቡሎኑን ፈትተሽ ቀያሪውን ከጆሮው አላቂው፤ የማርሹን ሽቦ አትቁረጪ፣ ሰንሰለቱንም አትፍቺ። በስፖንጅ ወይም በወፍራም ካልሲ ጠቅልለሽ ከፍሬሙ የኋላ ሦስት ማዕዘን ውስጥ፣ ወደ መሐል ገባ አድርገሽ በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሪው። የጆሮውን መለዋወጫ አንድ ቀድመሽ ብትገዢ ጥሩ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፍሬም የተለያየ ስለሆነ እዚያ ደርሰሽ ስትፈልጊው ላታገኚው ትችያለሽ።

ጎማዎቹን ስታወጪ መሐላቸው ያለውን ማጥበቂያ ዘንግ ሙሉ በሙሉ ምዘዢው፤ ካርቶን የሚበሳው እሱ ነው። ሁለቱን ትንንሽ ስፕሪንጎች ከነዘንጉ ከረጢት ውስጥ ክተቺ፣ ጠባቡ ጫፋቸው ወደ ውስጥ እንደሚገጠም አስታውሺ። የሹካው ጫፎች መካከል 100 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው ፍሬም ጫፎች መካከል 130 ሚሊ ሜትር የሆነ ድጋፍ ይግባ፤ የሱቁን ፕላስቲክ ካላገኘሽ አናጺ ጋ እንጨት በልኩ አስቆርጪ። ይህ ከሌለ ከላይ የተጫነ ከባድ ሻንጣ ሹካውን ጨፍልቆ ይገጥመዋል። ፍሬሙን አሮጌ የውስጥ ጎማ በርዝመቱ ቀደሽ ጠቅልዪበት፤ እኔ ከውጭ ከሚመጣው ስፖንጅ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፣ አይንሸራተትም፣ ጠጋኝ ቤት ሁሉ ተርፎ ይጣላል። ጋቢሽንም ለመደገፊያ መጠቀም ትችያለሽ፤ ሰንሰለት እንዳይነካው መጀመሪያ ሰንሰለቱን በላስቲክ ሸፍኚ። አንዳንድ አየር መንገድ ከብስክሌት በስተቀር ሌላ ነገር ካርቶኑ ውስጥ እንዲገባ ስለማይፈቅድ ይህንንም ስትደውዪ አብረሽ ጠይቂ።

የፈታሻቸውን ትንንሽ ዕቃዎች ሁሉ በአንድ ጠንካራ ከረጢት አድርገሽ ከፍሬሙ ጋር እሰሪው እንጂ ካርቶኑ ውስጥ አትልቀቂያቸው። ካርቶን ጎን ላይ ለእጅ መያዣ የሚሆን ቀዳዳ አለ፤ ዳዶና ቡሎን በዚያ ሲወጣ ማንም አያየውም። እኔ ቀዳዳውን ከውስጥ በሌላ ካርቶን እደፍነዋለሁ። የካርቶኑን ሥር ድርብ አድርጊ። ውጭው ላይ ስምሽን፣ የጀርመን አድራሻሽንና ስልክሽን፣ «ብስክሌት» የሚለውን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፊ፤ ከውስጥም ተመሳሳይ ወረቀት ይኑር፣ የውጭው ቢቀደድ ማንነቱ እንዲታወቅ።

አሁን የጎማው ጥያቄ። አይፈነዳም። የጭነት ክፍሉ ልክ እንደ መንገደኛው ክፍል አየር የሚሞላበት ነው። በአውሮፕላን ውስጥ የሚጠበቀው ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ነው፤ ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ መሆኑን አስቢ። ወደ ፍራንክፈርት የምትሄጂው በቦይንግ ድሪምላይነር ወይም በኤርባስ ኤ350 ከሆነ ደግሞ ውስጡ የሚያዘው 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ይኸውም የባሕር ዳር ከፍታ። ጎማሽ በሰማይ ላይ ሆኖ ጣና ዳር እንደቆመ ያህል ነው የሚሰማው። እንዲያውም አየሩ ጨርሶ ቢጠፋ ግፊቱ የሚጨምረው በ12 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) ብቻ ነው፤ 100 ፒኤስአይ የሚይዝ ጎማ በዚህ አይቀደድም። ቢሆንም ብዙ አየር መንገዶች ይተንፈስ የሚል ደንብ ስላላቸው ቼክ ኢን ላይ አትከራከሪ፣ ቀድመሽ አስተንፍሺው። ግን ባዶ አታድርጊው። በጣት ሲጫኑት የሚሟሽሽ ያህል፣ ከ20 እስከ 30 ፒኤስአይ ተዪበት፤ ያቺ አየር ካርቶኑ ሲጣል ቸርኬውን ከመጎበጥ ታድነዋለች።

በረራው ዕለት ካርቶኑን ሙሉ በሙሉ አሽገሽ አትሂጂ። የራጅ ማሽኑ አፍ ከጠበበው ወይም ፈታሹ ማየት ከፈለገ ያስከፍቱሻል፣ የተቀደደ ካርቶን ደግሞ እንደገና አይታሸግም። የላይኛውን ክዳን በትንሹ ያዢው፣ አንድ ሙሉ ጥቅል ሰፊ ፕላስተር በእጅሽ ይኑር፣ ፍተሻው ሲያልቅ ፊታቸው ዙሪያውን አሽጊው። መቀስና መፍቻ ግን በእጅ ሻንጣ አይያዙ፣ ይወሰዱብሻል። በባጃጅ እሄዳለሁ አትበዪ፣ ካርቶኑ ወጥቶ ንፋስ ይጎትተዋል፤ ሚኒባስ ወይም ፒክአፕ ተነጋግረሽ ያዢ፣ ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ።

ቼክ ኢን ላይ አንድ ወረቀት ወይም ልዩ ታግ ሊያስፈርሙሽ ይችላሉ። አንብቢው። «በሚገባ ያልታሸገ ስለሆነ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ዓይነት ነው። ካርቶንሽ ጥሩ ከሆነ ውስጡን የሚያሳየውን ፎቶ አሳይተሽ ያለ ፊርማ እንዲቀበሉሽ ጠይቂ፤ እምቢ ካሉም ስትፈርሚ የካርቶኑን ሁኔታ ከአራቱም ጎን ፎቶ አንሺ።

ስለ ካሳው ላብራራልሽ ያልኩት ይህ ነው። ዓለም አቀፍ በረራ በሞንትሪያል ስምምነት (1999 እ.ኤ.አ.) ይተዳደራል፣ ኢትዮጵያም ጀርመንም አባል ናቸው። በአንድ ቲኬት ስትጓዢ የባሕር ዳሩም ክፍል የዚያው ዓለም አቀፍ ጉዞ አካል ይሆናል። ጓዝ ሲጎዳ፣ ሲጠፋ ወይም ሲዘገይ የአየር መንገዱ ኃላፊነት ከዲሴምበር 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ እስከ 1,519 ኤስዲአር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ነው፤ ይህ ከ2,000 ዶላር ብዙም አይርቅም። የአንቺ ብስክሌትና ሁለተኛው ሻንጣ አንድ ላይ ናቸው በዚህ ውስጥ የሚቆጠሩት። ብስክሌቷ ከዚያ በላይ የምታወጣ ቢሆን ቼክ ኢን ላይ ዋጋዋን አስመዝግቦ ጭማሪ መክፈል ይቻላል። ፍራንክፈርት ስትደርሺ ካርቶኑ ከተለመደው ቀበቶ ላይ አይመጣም፤ ለትልልቅ ጓዝ የተለየ መውጫ አለ፣ እዚያ ጠብቂ። ከአዳራሹ ሳትወጪ ክፈቺና እዪው። ጉዳት ካለ እዚያው የጓዝ ቢሮ ሄደሽ ቅጽ አስሞዪ፣ ቁጥሩን ያዢ፣ ከዚያም በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አመልክቺ። የዘገየ ከሆነ ጊዜው ከተረከብሽበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን ነው። ከ7 ቀን በኋላ የመጣ የጉዳት አቤቱታ ውድቅ ይሆናል። የግዢ ደረሰኝሽንና የፍሬሙን ቁጥር ፎቶ ስልክሽ ላይ አኑሪ፤ ለዚህም ይጠቅማል፣ ለጀርመን ጉምሩክም ያንቺና ያገለገለች መሆኗን ያሳያል። ወደፊት ይዘሻት እንድትመለሺ ካሰብሽ ቦሌ ስትወጪ ለጉምሩክ አሳይተሽ አስመዝግቢያት።

የእናትሽን ሽሮና በርበሬ በሁለተኛው ሻንጣ ክተቺው። ካርቶን ይከፈታል፣ ይጣላል፣ ይወጋል፤ በርበሬ አንዴ ሰንሰለቱና ማርሹ ውስጥ ከተበተነ በቀላሉ አይጠራም፣ ፈታሹም ያልጠበቀውን ዱቄት ሲያይ ጊዜሽን ይበላዋል። ሽሮው፣ በርበሬውና በሶው በወፍራም ላስቲክ ሁለት ጊዜ ታሽገው፣ ላያቸው ላይ ስማቸው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይሂዱ። ንጥር ቅቤውን፣ አይቡንና ቋንጣውን ግን እናትሽን በፍቅር አስረድተሽ ቤት ተዪው። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት እንዲያስገባ አይፈቅድም፣ ሲያገኙት ይወስዱታል፣ ሊቀጡም ይችላሉ። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፤ ለእናትሽ እሱን በዪያት፣ ደስ ይላታል።

ስትገጣጥሚ ሹካውን ካስገባሽና ቀለበቶቹን በፎቶው ቅደም ተከተል ከደረደርሽ በኋላ መጀመሪያ መሪው አናት ላይ ያለውን ክዳን ቡሎን ጨዋታው እስኪጠፋ ብቻ አጥብቂ፣ ከዚያ ነው የመሪውን የጎን ቡሎኖች በ5 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ) ገደማ የምታጠብቂው። ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ነው፤ ጎኑን ካጠበቅሽ በኋላ ክዳኑ ምንም አይሠራም፣ መሪው ደግሞ ሲነዳ ይንቃቃል። ማርሹን ጎማው በእጅ እየተሽከረከረ ሁሉንም ጥርስ ሞክሪ፣ ፍሬኑን ቆመሽ ጨምቂው፣ ከዚያ ብቻ ንጂ። ጎማውን ወደ ቦታው ግፊት መልሺው። ሌላው፣ በጀርመን የመንገድ ሕግ ብስክሌት ሁለት የየራሳቸው ፍሬኖች፣ ደወል፣ የፊትና የኋላ መብራት እንዲሁም አንጸባራቂ ያስፈልጉታል፤ እዚህ ዘጌ መንገድ ላይ እንደምትነጅው ባዶዋን ብትወጪ ፖሊስ ሊያስቆምሽ ይችላል። መብራቱን ከዚህ ገዝተሽ አትሂጂ፤ እዚያ የማጽደቂያ ቁጥር የታተመበትን ግዢ፣ የሚቀበሉት እሱን ብቻ ነው።